ሸረሪቷ የምትኖረው በሳጥኗ እንጂ በክፍላችሁ አይደለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት ነገር

ባለፈው እትም ስለ ክረምት ሻጋታ ጥቂት ጽፌ ነበር። ስለ ጣሪያና ስለ ቀለም ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ስለ ሸረሪት ጠየቃችሁኝ። ያውም ጥግ ላይ ድር ስለምታደራዋ ትንሿ ሳይሆን፣ መዳፍ ስለምታክለው ጸጉራም ሸረሪት፣ ስለ ታራንቱላ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህን ያህል ሰው ታራንቱላ ይዞ እንደሚያድር አላውቅም ነበር።

ለአዲስ አንባቢዎች ልንገራችሁ። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ክር መፍተያው ክፍል ነው። ሱፍ አየሩ ሲደርቅበት ይበጠሳል፣ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ማሽኑ ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ የአየሩን እርጥበት መጠበቅ ሥራዬ ነበር። ሸረሪቱን በተመለከተ ደግሞ አንዲት ቺሊያዊት እኔም ቤት አለች። የልጄ ናት። እሱ ለትምህርት ሲሄድ እሷ እኔ ዘንድ ቀረች። ወደድኳት ማለት አልችልም። ግን ተግባብተናል።

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን አሉ? ደብረ ብርሃን ከታናሽ እህቴ ጋር ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ክፍሏ ሦስት በአራት ብትሆን ነው። አንድ ያስተምረኝ የነበረ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት ታራንቱላዎቹን ለእኔ ትቶ ሄደ። አንዷ የቺሊ ናት። አንዷ ከሆንዱራስ በኩል ናት፣ ጸጉሯ የተጠቀለለ። ሦስተኛዋ ዛፍ ላይ የምትኖር፣ የእግሯ ጫፍ ሮዝ የሆነች ናት። በተወልኝ ወረቀት ላይ "እርጥበት ከ70 እስከ 80 ፐርሰንት" ይላል። ስለዚህ ማታ ማታ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውሃ አፈላለሁ። እርጥብ ፎጣም እሰቅላለሁ። መለኪያው 86 ያሳያል። ሸረሪቶቹ ግን አይበሉም። ከአልጋው ጀርባ ግድግዳው ጠቁሯል። እህቴ ሌሊት ሌሊት ታስላለች፣ "ወይ እኔ ወይ እነሱ" ብላኛለች። እንዴት ላስታርቃቸው?

ሸረሪት ጠባቂው፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ልጄ፣ ዛሬ ማታ ውሃ ማፍላቱን አቁም። ፎጣውንም አውርድ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን።

መጀመሪያ ያ ወረቀት። "80 ፐርሰንት" የሚል ቁጥር ሙቀቱ ካልተነገረ ምንም አይናገርም። አየር የውሃ ተን የሚሸከመው እንደ ሙቀቱ ነው። 27 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 26 ግራም ገደማ ይሸከማል። 13 ዲግሪ ላይ ግን 11 ግራም ያህል ብቻ ነው። 5 ዲግሪ ላይ 7 እንኳ አይሞላም። ፐርሰንቱ የሚለው "አየሩ ከሚችለው ውስጥ ይህን ያህል ይዟል" ነው። እንግዲህ አስላው። ሞቃታማ ጫካ ውስጥ 80 ፐርሰንት ማለት ከ20 ግራም በላይ ውሃ ነው። አንተ ክፍል ውስጥ፣ ሌሊት 13 ዲግሪ ሲሆን፣ 80 ፐርሰንት ማለት 9 ግራም ነው። ወረቀቱን እየታዘዝክ ይመስልሃል። ሸረሪቷ የምታውቀው አየር ግን ይህ አይደለም። የሰጠሃት ብርድና ጤዛ ነው።

አሁን ወደ ክፍልህ እንምጣ። ሦስት በአራት ካልክ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን፣ 30 ሜትር ኩብ አየር አለህ። 13 ዲግሪ ላይ ያ አየር ጠግቦ የሚሸከመው ውሃ 340 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ብርጭቆ አይሞላም! ተኝቶ የሚያድር አንድ ሰው ደግሞ በትንፋሹና በላቡ በሌሊት ሩብ ሊትርና ከዚያም በላይ ያወጣል። እናንተ ሁለት ናችሁ። ስለዚህ ምድጃውን ሳትለኩሰው ክፍሉ ሞልቷል። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ አፍልተህ ስትለቅበት ውሃው የት ይሄዳል? ሂድና ከአልጋህ ጀርባ ተመልከት።

ተን የሚያርፈው በጣም የቀዘቀዘ ነገር ላይ ነው። መስኮት፣ የቆርቆሮ በር፣ ከውጭ ጋር የሚዋሰን ግድግዳ። አልጋና ቁም ሳጥን ከግድግዳ ጋር ከተጣበቁ ደግሞ የክፍሉ ሙቀት እዚያ አይደርስም፣ አየሩም አይንቀሳቀስም። ሻጋታ እንዲበቅል ግድግዳው ጠብ ጠብ ማለት የለበትም። ግድግዳውን የነካው አየር ለቀናት ከ80 ፐርሰንት በላይ ሆኖ ከቆየ ይበቃዋል። የክፍሉ መሐል 65 እያለ የአልጋው ጀርባ 90 ሊሆን ይችላል። መለኪያህን አንድ ሌሊት እዚያ አስቀምጠውና እየው።

"እናንተስ ፋብሪካ ውስጥ አየሩን ታረጥቡ አልነበር ወይ?" ልትለኝ ትችላለህ። አዎ። ግን አዳራሹ ሞቃት ነበር። ማሽኖቹ ራሳቸው ያሞቁታል። ሞቆ የደረቀን አየር ማርጠብ ሌላ ነው፤ ቀዝቅዞ የረጠበን አየር ማርጠብ ሌላ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ክፍሉ የእናንተ ነው፣ ለሰው ይሁን፤ ከ40 እስከ 60 ፐርሰንት ይበቃዋል። ሸረሪቶቹ የሚኖሩት በሳጥናቸው ውስጥ ነው። እርጥበታቸው ከሳጥኑ አፈር ይምጣ። በተፈጥሮም ቢሆን መሬት ላይ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሥር የሚገቡት ለዚህ ነው። ውጭው ቢደርቅም ጉድጓዱ ውስጥ አፈሩ እርጥበት ይይዛል። ሸረሪቷ ራሷ ወደፈለገችው ትጠጋለች።

ስለ አፈሩ ላስረዳህ። በሳጥኑ ውስጥ ወፈር ያለ አፈር ይኑር። ማዳበሪያም ሆነ የተባይ መድኃኒት ያልነካው መሆኑን እርግጠኛ ሁን። ከእርሻ ማሳ አታምጣ። አፈሩን ከላይ አትርጨው። በአንድ ጥግ በኩል ውሃ ቀስ አድርገህ ወደ ታች አፍስስ። ሥሩ ይርጠብ፣ ላዩ ይድረቅ። ሌላው ጥግ ደረቅ ሆኖ ይቆይ። የሳጥኑ ቀዳዳዎች በአንድ ወገን ብቻ ከሆኑ በተቃራኒው ወገንም ብሳ፤ አየሩ ይተላለፍ። ታራንቱላ የምትተነፍሰው ሆዷ ሥር ባሉ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረቡ ሳንባዎች ነው። እነዚያ እንዳይደርቁ እርጥበት ይፈልጋሉ። የታፈነና የረጠበ አየር ግን ከደረቅ አየር ይበልጥ ይገድላቸዋል። ብዙ ጀማሪ "እርጥበት፣ እርጥበት" እያለ ክዳኑን ግጥም አድርጎ ይዘጋና ሸረሪቷን በሻጋታ መሐል ያገኛታል።

ሦስቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። ያንተ ወረቀት በአንድ ቁጥር ጠቅልሏቸዋል። ቺሊያዊቷ፣ ግራሞስቶላ የሚሏት፣ የደረቅ አገር ልጅ ናት። ደረቅ አፈርና አንድ የውሃ ሳህን ይበቃታል። የኔዋ እርጥብ አፈር ላይ ሳስቀምጣት እግሯን አንስታ የሳጥኑ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች፣ አኩርፋ። ለቺሊዋ ውሃ አፍልተህ ስታድር መክረምህ ነው የሚገርመኝ። የሆንዱራሷ ግን የአፈሯ ግማሽ ያህል እርጥብ ቢሆን ደስ ይላታል። ሮዝ እግሯ ዛፍ ላይ የምትኖር ስለሆነች ሳጥኗ ከጎኑ ይልቅ ቁመቱ ይርዘም። ቅርፊት ወይም ግንድ ነገር አቁምላት። ከሦስቱ የታፈነ አየር የማይሆንላት እሷ ናት። የውሃ ሳህን ስጣት፣ ቀዳዳ አብዛላት፣ በቃ። ሳህኑ ለሁሉም ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን። የተረፈ በረሮ ወይም ፌንጣ እርጥብ አፈር ላይ አይደር፤ ይሸታል፣ ይሻግታል፣ ጥቃቅን ተባይም ይጠራል።

"አይበሉም" ያልከው ከእርጥበቱ ይልቅ ከብርዱ ነው የሚመስለኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸረሪት የራሷ ሙቀት የላትም። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ እሷም ትዘገያለች፣ ምግቡም አይፈጭላትም። ቺሊዋ ብርዱን ትችላለች፣ ጾምም ልማዷ ነው፤ ወራት ሳትበላ ብትቆይ ሆዷ እስካልተጨማደደ ድረስ አትደንግጥ። ለሌሎቹ ግን ከ20 ዲግሪ በላይ ፈልግላቸው።

ሙቀት ስል ከሰል ማለቴ አይደለም። ይህን በደንብ አንብበው። በዚህ ከተማ በኅዳር ውርጭ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት የስንቱን ቤት እንደዘጋ ታውቃለህ። "ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ ወጥቶለታል" የሚባለው አያድንም። የሚገድለው ጋዝ ጭስም ሽታም የለውም። ማንንም አያስጠነቅቅም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለህ ማታ ከመተኛትህ በፊት ክፍሉን አሙቅ። ሳጥኖቹን ከወለሉ ሊሾ አንስተህ መደርደሪያ ላይ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ በኩል አስቀምጥ። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ነው የሚተኛው። ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፍ ማሞቂያ ቢሸጡልህ አትግዛ። ሸረሪት ሲሞቃት ወደ ታች ትቆፍራለች፣ ታች ደግሞ እሳቱ አለ። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ሳጥኖቹን አንድ ላይ ሰብስበህ በሱፍ አልብሳቸው። የመንዝ ባና ካለህ ከዚያ የተሻለ አታገኝም። ሱፍ እርጥብ ሳይመስል ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ ውሃ መሸከም ይችላል። ጤዛውን ይጠጣልሃል። ቀዳዳዎቹን ግን እንዳትሸፍን።

ክፍሉን ለማድረቅ ሙቀትና አየር አብረው መሄድ አለባቸው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ሰው ሁሉ "ክረምት መስኮት ብከፍት ጭጋግ ይገባል" ይለኛል። ይግባ! የሐምሌ አየር 12 ዲግሪና 95 ፐርሰንት ሆኖ ቢገባ፣ ያው አየር ክፍልህ ውስጥ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ከ60 ፐርሰንት በታች ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ስትነሱ በርና መስኮት ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። የሌሊቱን ትንፋሽ አስወጡት። ከዚያ ዝጉና አሙቁ። በበጋማ እኩለ ቀን ላይ መክፈት ብቻውን ይበቃል፤ ፀሐዩ ደረቅ ነው። ልብስ ውስጥ አትዘርጉ፣ ክረምትም ቢሆን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ይሰጣ። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ከሆነ በሩ ክፍት ይሁን። አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት።

የጠቆረውን ግድግዳ በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሸረሪቶቹን ከነሳጥናቸው ከክፍሉ አውጣ። አፍና አፍንጫህን ሸፍን። በሳሙና ውሃ እጠበው፣ ከዚያ ውሃ በተቀላቀለበት በረኪና አብሰው፣ መስኮት ተከፍቶ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትደባልቅ። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ሸረሪቶቹን አትመልስ። ለቁንጫና ለትኋን የሚረጨውንም ነገር፣ እናቶቻችን ፍሊት የሚሉትን፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እርሳው። ሸረሪት ከተባዩ በምን ትለያለች?

የእህትህ ሳል። ሻጋታው ሊሆን ይችላል። ግን ሌላም ነገር አለ። ሦስቱም ሸረሪቶችህ የአሜሪካ አህጉር ልጆች ናቸው። እነዚያ ሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጸጉር አላቸው። ቺሊዋና የሆንዱራሷ ሲቆጡ በኋላ እግራቸው ይጠርጉትና አየር ላይ ይበትኑታል። ጸጉሩ አፈሩ ውስጥም ይቀራል። ደረቅ አፈር ስትቀይር ከአቧራው ጋር ይነሳል፤ ዓይንና ጉሮሮ ይፈጃል። ስለዚህ አፈር ስትቀይር ውጭ፣ አፈሩን ትንሽ አርጥበህ፣ ጓንት አድርገህ ይሁን። ሳጥኖቹም ከእህትህ ትራስ ይራቁ። ሳሉ ካልለቀቃት ግን ጤና ጣቢያ ውሰዳት፣ በእኔ ደብዳቤ አትታከም።

መለኪያህንም ፈትነው። ርካሾቹ አሥር ነጥብ ያህል ሊሳሳቱ ይችላሉ። በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርግ፣ ጠብታ ውሃ ጨምረህ እንደ ሊጥ አርጥበው፣ እንዲሟሟ ግን አይሁን። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ ዘግተህ አሳድረው። በማግሥቱ 75 ማሳየት አለበት። 80 ካለ ሁልጊዜ አምስት ቀንስ። እኛ ፋብሪካ ውስጥ በሁለት ቴርሞሜትር ነበር የምንለካው፤ የአንዱ ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ። በነገራችን ላይ ለዚያ መለኪያ የሚታተመው ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ የባሕር ጠረፍን አየር ታስቦ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ እውነተኛው እርጥበት ሰንጠረዡ ከሚለው ጥቂት ይበልጣል። ይህን የምጽፈው ለእልኸኞች ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው የተወልህ ወረቀት የአያያዝ ብቻ ነው ወይስ የማስገቢያ ፈቃድም አለው? አንዳንድ የታራንቱላ ዝርያዎች ድንበር ሲሻገሩ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል። ስልኩ ካለህ ጠይቀው።

ጥያቄ

የተከበሩ እትዬ፣ ጠባሴ በኩል የሚከራይ ቤት አለኝ። ተከራዬ ክፍሉ ውስጥ ጸጉራም ሸረሪት ያኖራል። ዘንድሮ ግድግዳዬ ሻገተ። "ሸረሪትህ ነው፣ ቀለም ቅባልኝ" ስለው "ጣሪያዎ ነው" ይለኛል። ማን ነው ጥፋተኛው?

አከራይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ጌታዬ፣ የላይኛው ደብዳቤ ጸሐፊ ተከራይዎ እንዳይሆን እየጸለይኩ ነው የምመልስልዎት።

ሸረሪቷን ይተዉአት። የአንዷ ሸረሪት የውሃ ሳህንና አፈር በሳምንት የሚያተነው ውሃ ጥቂት ማንኪያ ቢሆን ነው። ክፍል ውስጥ የተሰጣ አንድ እርጥብ ጋቢ በአንድ ቀን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይለቃል። ተከራይዎ እንደዚያ ልጅ ውሃ የሚያፈላ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሻጋታው የት እንደሆነ ይመልከቱ። ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ድረስ ከሆነ፣ ቀለሙም ተፈርፍሮ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካወጣ፣ ውሃው የሚመጣው ከመሬት ነው። አሸንዳ አለው ቤቱ? ከሌለው የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር ወርዶ ይረጨዋል። አፈር ከግድግዳው ጋር ተቆልሎ ከሆነም ይነሳ። ይህ የአከራይ ሥራ ነው።

ከላይ ጠብታ የሚወርድ ከሆነ፣ ዝናብ በሌለበት በታኅሣሥ ሌሊትም ጭምር፣ ያ ቀዳዳ አይደለም። ቆርቆሮው ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል፤ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ እዚያ ላይ ጤዛ ይሆንና ያንጠባጥባል። ኮርኒስ ያሠሩለት። ይህም የአከራይ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጥጋጥጉና ከዕቃ ጀርባ ብቻ ከሆነ ግን ያ የተከራይ ልማድ ነው። መስኮት አይከፍትም፣ ልብስ ውስጥ ይሰጣል፣ ዕቃውን ግድግዳ ላይ ለጥፏል። እሱ ያጽዳ፣ እሱ ይቀባ።

ማንም ይቀባው ማን፣ የረጠበ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም አይቀባ። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቀለሙን ይገፈትረዋል። መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ ኖራ። ኖራ ያስተነፍሳል።

ጥያቄ

እትዬ፣ እኔ ደብረ ሲና ነኝ፣ ተማሪ ነኝ። ከአጎቴ ልጅ የተቀበልኳት ታራንቱላ ዛሬ ጠዋት በጀርባዋ ተገልብጣ አገኘኋት። እግሮቿ ወደ ላይ ናቸው። እናቴ "ሞታለች፣ ጣያት" አለች። ውሃ ረጨሁባት፣ ብዙም አልተንቀሳቀሰችም። የደረቀው አየር ገድሏት ይሆን?

መልስ

እንዳትጥያት! ይህ መጽሔት እስኪደርስሽ አንቺ ራስሽ መልሱን ሳታይው አትቀሪም፤ ግን ለሌሎቹም ይጠቅማል።

የሞተች ታራንቱላ ብዙ ጊዜ በሆዷ ተኝታ፣ እግሮቿን ወደ ውስጥ ጨብጣ ነው የምትገኘው። በጀርባዋ የተኛች ቆዳ እየቀየረች ነው። ለሰዓታት እንደዚያ ትቆያለች። አትንኪያት፣ አትገልብጫት፣ አትንፊባት፣ ውሃም አትርጪባት። ሳጥኑ ውስጥ በሕይወት ያለ ፌንጣ ካለ ግን ቀስ ብለሽ አውጪ፤ በዚያ ሰዓት ፌንጣው እሷን ይበላታል። እናትሽንም በሩን ቀስ ብለው እንዲዘጉ ንገሪያቸው።

እርጥበቱ የሚጠቅመው ከመቀየሯ በፊት ነው። ምግብ እምቢ ስትልና ሆዷ ሲጠቁር ሳህኗ እንዳይደርቅ ጠብቂ፣ የአፈሩን አንድ ጥግ አርጥቢ። የምትፈልገው ሰውነቷ ውስጥ ያለ ውሃ ነው፣ ከላይ የሚረጭ አይደለም። የጣርማ በር ጭጋግ ከላይ ከላያችሁ እያለ ደብረ ሲና አየሩ ደርቆ ሸረሪት ይገድላል ብዬም አላስብም። ከጨረሰች በኋላ ጥርሶቿ ነጭና ለስላሳ ይሆናሉ። እስኪጠቁሩ ድረስ፣ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ፣ አትመግቢያት። የጣለችው ቆዳ ሙሉ ሸረሪት ስለሚመስል ትምህርት ቤት ወስደሽ ለባዮሎጂ መምህርሽ አሳዪ። እናትሽን ግን አታስደንግጪበት።

ጥያቄ

እትዬ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ለሥራ ተዛውሬ ወረድኩ፣ የሆንዱራስ ሸረሪቴን ይዤ። ደጋ ላይ የለመድኩት አያያዝ እዚህ ይሠራል?

መልስ

አይሠራም፣ ይገለበጣል። ከ1,400 ሜትር በላይ ነው የወረድከው። ደብረ ብርሃን የቸገረህ ብርድ ነበር፤ እዚያ የሚቸግርህ ሙቀትና ፈጥኖ የሚደርቅ አፈር ነው። ማሞቂያውን እዚያው ደጋ ላይ ለሚያስፈልገው ሰው ስጠው። አፈሩን አጥልቀው፤ ጥልቅ አፈር ቀስ ብሎ ይደርቃል። ጣትህን በጥጉ ወደ ታች ሰድደህ ፈትሽ፣ ላዩን አይተህ አትፍረድ። ሳህኑን በየቀኑ ተመልከት። ሳጥኑን መስኮት ሥር አታስቀምጥ፣ ፀሐይ የገባበት ፕላስቲክ ሳጥን በአጭር ጊዜ ይቀቅላታል። ቆርቆሮው በሚግልበት ሰዓት ደግሞ መደርደሪያው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ትቀመጥ፣ ጉንዳን እንዳይደርስባት አድርገህ።

ሸዋ ሮቢት የወባ አገር ስለሆነ አንድ ነገር አለ። አጎበሩ በመድኃኒት የተነከረ ነው፤ ለትንኝ የተባለው መድኃኒት ለሸረሪትም ሞት ነው። አጎበሩ ሳጥኑን እንዳይነካ። አጎበር ነክተህ እጅህን ሳትታጠብ ሳጥኑን አትክፈት። ቤቱ ሊረጭ ሲመጡም አስቀድመህ ሌላ፣ ያልተረጨ ቤት አድርሳት፤ ግድግዳው ላይ የተረጨው ለወራት ስለሚቆይ በማግሥቱ መመለስ አይሆንም። ለእሷ ብለህ ቤቱን አላስረጭም እንዳትል፣ ከአጎበሩም ሥር እንዳትወጣ። ቦታ ቀይርላት። አንድ ክፍል ብቻ ካለህ የታመነ ጎረቤት ፈልግ።